መርማሪ ልብወለድ ወይስ የትዳር ምክር?

ጥያቄ፦ ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ፣ እኔ የወንጀል ምርመራ ልብወለድ ነፍሴ ነው፣ ሼርሎክ ሆምስን ጨርሼ አሁን አጋታ ክሪስቲን ልጀምር ነው ግን ከየትኛው? ባለቤቴ ደሞ ይሄን ተዪና ስለ ትዳር አንብቢ ብሎ የጋሪ ቻፕማንን «አምስቱ የፍቅር ቋንቋዎች» ገዝቶ ሰጠኝ፣ ይጠቅማል እንዴ?
አንባቢያችሁ ከሐዋሳ

መልስ፦ እህቴ፣ በፈረንጆቹ 1926 ከወጣው «የሮጀር አክሮይድ ግድያ» ጀምሪ። መርማሪው ቤልጅየማዊው ፖይሮ ነው፣ ታሪኩን የሚተርከው ደሞ የመንደሩ ሐኪም፣ እና በናትሽ መጨረሻውን ማንም እንዳይነግርሽ! ፍንጩ ሁሉ ፊትሽ ተቀምጦ ነው እያየሽው የምታልፊው፣ ስትጨርሺ ወደ መጀመሪያው ተመልሰሽ እያንዳንዱን አረፍተ ነገር እንደገና ማየትሽ አይቀርም።

የቻፕማን መጽሐፍ በፈረንጆቹ 1992 የወጣ ነው፣ ሰው መወደዱ የሚሰማው በጥሩ ቃል፣ አብሮ ጊዜ በማሳለፍ፣ በስጦታ፣ ስራ በማገዝ፣ በመተቃቀፍ ነው ይላል። ሰውን አምስት ቦታ መክፈሉ ለኔ ይጠብብኛል፣ ግን ባልሽ ገዝቶ የሰጠሽ የሚልሽ ነገር ኖሮት ይሆናል፣ ስለዚህ ብቻሽን አንብበሽ እሱ እንዲህ ነው ብለሽ ከምትደመድሚ የትኛው ምዕራፍ አንተን ይመስላል ብለሽ ጠይቂው፣ ማታ ማታ አብራችሁ አንብቡት። አክሮይድንም ስትጨርሺ ለሱ ስጪው።