ጠዋት 2 ሰዓት ለኮምፒውተሩ ሌሊት ነው

ጎንደር ውስጥ ማራኪ በሚባለው ሰፈር የዱቄትና የዘይት ማከፋፈያ ያላቸው እህት እንዲህ ሲሉ ጽፈውልኛል፦ «የየቀኑን ትዕዛዝ በኤክሴል እንመዘግባለን። ለሁለቱ አይሱዙዎቻችን የጉዞ መስመር የሚያወጣ ሶፍትዌር ገዝተን ሠንጠረዡን ብናስገባ ከ58 ትዕዛዝ 23ቱ ብቻ መስመር ያዙ፤ የቀሩትን ‹ያልተመደበ› ይላቸዋል። የሚገርመው፣ ከሰዓት በኋላ የሚቀበሉንን ሱቆች ጠዋት እንድናደርስላቸው ያዘናል። ሦስት ደንበኞቻችንንም ባሕር ላይ አስቀምጦልናል። አንድ ባለሙያ አይቶ ኮምፒውተሩ አቅም ስለሌለው ቀይሩት አለን። ልቀይረው?»

አይቀይሩት። 58 ረድፍ ማንበብ ያቃተው ኮምፒውተር በሥራ ዘመኔ አላጋጠመኝም፤ እንዲህ ያለ ምክር የሚሰጥ ባለሙያ ግን በየሳምንቱ ያጋጥመኛል።

ደብዳቤዎን ሳነብ ልቤን የሳበው ባሕሩ አልነበረም። «ከሰዓት በኋላ የሚቀበሉንን ጠዋት» ያሉት ነው። ፊደሉ ተበላሽቶ ቢሆን ኖሮ የደንበኞቹ ስም በጥያቄ ምልክት ይሞላ ነበር። ቀኑ በእኛ አቆጣጠር ተጽፎ ቢሆን ደግሞ ሶፍትዌሩ ሁሉንም ትዕዛዝ ከዓመታት በፊት ያለፈ ብሎ በጣለው ነበር። ከፊሉን ወስዶ ከፊሉን የጣለ፣ የወሰደውንም ያለጊዜው የላከ ከሆነ ጥርጣሬዬ አንድ ነው፦ የመቀበያ ሰዓቱ የተጻፈው በእኛ ሰዓት ነው። ያልተመደቡትን 35 ረድፎች ይዩአቸው፤ አብዛኞቹ የጠዋት ተቀባዮች ካልሆኑ ሙያዬን እተዋለሁ።

ከመቀጠልዎ በፊት ግን ዋናውን ፋይል አይንኩ። ቅጂ ያውጡ፣ በስሙ ላይ ቀን ይጨምሩበት፣ የሚሠሩትን በቅጂው ላይ ይሥሩ። ዋናውን መንገድ ዳር በተገዛ ርካሽ ፍላሽ ላይ አስቀምጫለሁ ብለውም አይተኙ። 64 ጊጋባይት ተብሎ ተጽፎበት ውስጡ 8 የማይሞላ ፍላሽ መሳቢያዬ ውስጥ ተከምሯል፤ ፋይሉን የተቀበለ ይመስላል፣ ሲከፍቱት ባዶ ነው።

አሁን ወደ ሰዓቱ። ይህን ማስረዳት ስጀምር አብረውኝ የሚሠሩት ልጆች ሻይ ልንጠጣ ነው ብለው ይወጣሉ፤ እርስዎ ግን ይታገሡኝ። እኛ ሰዓት የምንቆጥረው ከፀሐይ ጋር ነው። ከወጣች አንድ ሰዓት ሲሞላት 1 እንላለን፣ ስትጠልቅ 12 ሞልቶ የሌሊቱ ቆጠራ ከ1 ይጀምራል። ጎንደር ከምድር ወገብ በስተሰሜን 12.6 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሆነች የዓመቱ ረጅም ቀንና አጭር ቀን የሚለያዩት በአንድ ሰዓት ተኩል ያህል ብቻ ነው፤ ስለዚህ ቆጠራው ክረምት ከበጋ ብዙም ሳይዛነፍ ያገለግለናል። በበጋ እስከ ምሽት ፀሐይ በማይጠልቅበት በሰሜን አውሮፓ ቢሞከር በወር ውስጥ ይፈርሳል። ኮምፒውተር ፀሐይን አያይም፤ ቀኑን ከእኩለ ሌሊት ይጀምራል። ኤክሴል ሰዓትን የሚያስቀምጠው የቀን ክፍልፋይ አድርጎ ነው፦ እኩለ ሌሊት 0፣ እኛ ንጋት 12 የምንለው 0.25፣ ቀትር 0.5። እርስዎ 2:00 ብለው ሲጽፉ ሴሉ ውስጥ የሚቀመጠው 0.0833 ነው፤ ካላመኑኝ የሴሉን ዓይነት ወደ ቁጥር ለውጠው ይዩት። ሶፍትዌሩም ይህን አንብቦ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ሁለተኛው ሰዓት ይለዋል፤ በእኛ ሌሊት 8 ሰዓት መሆኑ ነው።

መኪናዎ ከመጋዘን የሚነሣበትን ሰዓት ሶፍትዌሩ ራሱ እንደሚያቀርበው 8:00 ብለው ሞልተውታል ብዬ ልነሣ። ከ2 እስከ 4 የሚቀበለው የቅዳሜ ገበያ ባለሱቅ፣ በሶፍትዌሩ ዓይን መኪናው ሳይነሣ በሩን ዘግቷል፤ ስለዚህ አልተመደበም። ከ8 እስከ 10 የሚቀበለው የአውቶ ፓርኮ ደንበኛ ደግሞ ልክ መኪናው ሲነሣ የከፈተ መሰለውና ጠዋት ላከለት። እንግዲህ «መስመር ያዙ» ያሏቸው 23ቱም አብዛኞቹ ስድስት ሰዓት ቀድመው የተላኩ ናቸው። በአጋጣሚ የተረፉት ቀኑን ሙሉ ክፍት የሆኑት ብቻ ናቸው።

ጥገናው አጭር ነው። ከመቀበያ ሰዓቶቹ አጠገብ ሁለት አዲስ ዓምዶች ይክፈቱ። በመጀመሪያው ሴል የእኩል ይሆናል ምልክት ይጻፉ፣ የድሮውን ሰዓት ሴል ጠቅ ያድርጉ፣ +0.25 ጨምረው ኢንተር ይምቱ፤ ከዚያ እስከ ታች ይጎትቱት። የአዲሶቹን ዓምዶች ዓይነት እስከ 24 በሚቆጥረው የሰዓት መልክ ያድርጉ። 2:00 የነበረው 8:00፣ 8:00 የነበረው 14:00 ይሆናል። 12 ላይ ግን በእጅ ይግቡ፤ ንጋት 12 ላይ ዱቄት የሚቀበል ዳቦ ቤት ካለዎት ድምሩ 18:00 ያደርገውና ምሽት ይልክለታል። እሱን 6:00 ብለው ይጻፉለት። ምሽት 1 ሰዓት ላይ የሚቀበል ካለም እንዲሁ በእጅ 19:00 ይሁን።

በድሮው ዓምድ ላይ አይደምሩ። አንዱ ደምሮ፣ ከሰዓት ሌላው ሳያውቅ ቢደግመው ጠዋት 2 የነበረው 14:00 ይሆናል፤ 14:00 ደግሞ የሥራ ሰዓት ስለሆነ ሶፍትዌሩ ቅር ሳይለው ይቀበለዋል። ቅጂ ይኑርዎት ያልኩት ለዚህም ነው።

የላኩልኝ ፎቶ ከሩቅ የተነሣ ስለሆነ ቁጥሮቹ አይነበቡም፤ አንድ ነገር ግን ይታያል። አንዳንዱ ሰዓት የሴሉ ቀኝ ጠርዝ ላይ፣ አንዳንዱ ግራ ጠርዝ ላይ ነው። ቀኝ ያለው ኤክሴል ሰዓት መሆኑን ያወቀው ነው፤ ግራ ያለውን ተራ ጽሑፍ አድርጎታል፣ 0.25 ሲደምሩበትም ስሕተት ይመልስልዎታል። ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ሁለት ነጥብ ነው። በአማርኛ ኪቦርድ 2፡00 ብለው ሲጽፉ የሚገባው የግእዙ ሁለት ነጥብ ነው፤ ለዓይን ያው ነው፣ ለኤክሴል ግን ፊደል ነው። የሴሎቹን ዓይነት ወደ አጠቃላይ መልሰው፣ ምልክቱን ከአንድ ሴል ቀድተው ፈልጎ በመተካት በኮምፒውተሩ ሁለት ነጥብ (:) ይለውጡት፤ 2፡00 የነበረው 2:00 ይሆናል። «ጠዋት»፣ «ማታ» የሚል ቃል ከሰዓቱ ጋር ካለ ከማጥፋትዎ በፊት ወደ ሌላ ዓምድ ይውሰዱት፤ 12ቱን የሚለይልዎ እሱ ነው።

በፎቶው ላይ ደግሞ እንደሚታየው፣ ፋይሉን ቀድሞ የነካው ሰው ራስጌው ላይ ሦስት ሴሎች አዋሕዶ፣ ረድፎቹን ቢጫ ቀብቶ ሄዷል። ቀለሙ ለሶፍትዌሩ ምንም አይደለም፤ የተዋሐዱትን ሴሎች ግን ይፍቷቸው። ለአንድ ዓምድ አንድ ስም፣ በአንድ ረድፍ ብቻ።

ወደ ባሕሩ። የጎንደር ኬክሮስ 12.6፣ ኬንትሮስ 37.46 ገደማ ነው። ነጥቦቹ ከሲሲሊ ደሴት በታች ሜድትራንያን ላይ ከሆኑ ሁለቱ ቁጥሮች ቦታ ተለዋውጠዋል፤ ወደየቦታቸው ይመልሷቸው። ከምዕራብ አፍሪካ ማዶ ከሆኑ ሴሎቹ ባዶ ናቸው፣ ሶፍትዌሩ ዜሮ ሞልቶባቸዋል። በሰፈር ስም ብቻ አይመኑ፤ «ፒያሳ» ወይም «አራዳ» ብለው ሲያስገቡ አዲስ አበባ የሚወስድ ሶፍትዌር አለ፣ የአንድ ጆንያ ዱቄት ጉዞ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ይሆናል። ነጥቡን ሾፌሩ በስልኩ ይውሰደው፤ ርካሽ ስልክ ከሆነ ከሱቁ ወጥቶ፣ ቆርቆሮ በሌለበት ትንሽ ቆሞ። በኬክሮሱና በኬንትሮሱ ቁጥር ውስጥ ካለው ነጥብ በኋላ አራት አኃዝ ይኑር። ለውበት ብሎ ወደ ሁለት ያሳጠረ ሰው አይቻለሁ፤ በሲኤስቪ (CSV፣ ሶፍትዌሮች የሚቀባበሉት ተራ የሠንጠረዥ ፋይል) ሲቀመጥ የሚጻፈው በዓይን የሚታየው ብቻ ስለሆነ ደንበኞቹ ሁሉ ኪሎ ሜትር ያህል እየተንሸራተቱ አንድ ቦታ ተከመሩበት። ስልክ ቁጥርም ኤክሴል እንደ ተራ ቁጥር ሲወስደው የፊቱን ዜሮ ያጣል፤ ዓምዱን አስቀድመው የጽሑፍ ያድርጉት። ሲያስቀምጡም ዩቲኤፍ-8 (UTF-8፣ የአማርኛን ፊደል የሚይዝ አጻጻፍ) የሚለውን ሲኤስቪ ይምረጡ። ተራውን ከመረጡ አማርኛው ወደ ጥያቄ ምልክት ይለወጣል፣ ከዚያ ፋይል ስሙን መልሶ የሚያወጣ የለም። ዋናው ካለዎት ግን ችግር የለም። ቅጂ፣ ቅጂ፣ ቅጂ።

58ቱን በአንድ ጊዜ አያስገቡ። በአምስት ረድፍ ይሞክሩ፦ አንድ የጠዋት፣ አንድ የከሰዓት፣ የ12ቱ ዳቦ ቤት፣ አንድ ቀኑን ሙሉ የሚቀበል፣ አንድ ራቅ ያለ፣ ለምሳሌ ጠዳ። በወጣው መስመርና በደንበኛው መቀበያ ሰዓት መካከል ያለው ልዩነት ስድስት ሰዓት ሆኖ ከቀጠለ የሆነ ሴል አልተደመረም። ሦስት ሰዓት ከሆነ ግን የእርስዎ ሠንጠረዥ ጥፋት የለበትም፤ በሶፍትዌሩ ቅንብር ውስጥ የሰዓት ቀጠናው ኢትዮጵያ መሆኑን ይዩ፣ የእኛ ከግሪንዊች በሦስት ይቀድማል።

መስመሩ ከወጣ በኋላ ደግሞ ለሾፌሩ የሚታተመው ወረቀት በኮምፒውተሩ ሰዓት ነው። 9:20 ሳሙና በር የሚል ያነበበ ሾፌር ከሰዓት በኋላ መስሎት ምሳውን በልቶ ነው የሚሄደው። ወረቀቱን ከማተምዎ በፊት ወደ ኤክሴል አውጥተው 0.25 ይቀንሱለት፣ 3:20 ይበልለት። ከ6:00 በፊት ያለው ሲቀነስ ከዜሮ በታች ወርዶ ሴሉን በመሰላል ምልክት (#) ይሞላዋል፤ እዚያ ላይ በመቀነስ ፋንታ 0.25 ይደምሩ። የንጋቱን 6:00 እና የምሽቱን 19:00 ግን እንደ ቀድሞው በእጅ 12 እና 1 ብለው ይጻፉ። ይህንንም በቅጂ ላይ።