ከሰው ደም የተገኘ ፕሮቲን ያለበትን የካንሰር መድኃኒት መውሰድ ኃጢአት ነውን?

ጥያቄ፦ የምጽፈው ከድሬዳዋ፣ ከሳቢያን ነው። የጡት ካንሰር ያለባቸው እናቴ ለሕክምና ውጭ አገር ወንድሜ ዘንድ ሄደዋል። የታዘዘላቸው ፓክሊታክስል የተባለው የካንሰር መድኃኒት በናኖ ቴክኖሎጂ (በዓይን የማይታዩ እጅግ ደቃቅ ቅንጣቶችን በሚጠቀም ዘዴ) የተሠራና ከሰው ደም የወጣ ፕሮቲን ያለበት መሆኑን ሲሰሙ፣ «ደም ከምወስድ ጸበሌ ይበቃኛል፤ ለቁልቢው ገብርኤልም ተስያለሁ» ብለው እንቢ አሉ። ምን ልበላቸው?

መልስ፦ እግዚአብሔር እናትዎን ይማርልን። ፓክሊታክስል መጀመሪያ የተገኘው ከዛፍ ቅርፊት ሲሆን፣ በውኃ ስለማይሟሟ ለረጅም ጊዜ ይሰጥ የነበረው ብርቱ አለርጂ ሊያስነሣ ከሚችል ማሟሚያ ጋር ነበር። አሜሪካ ውስጥ በ2005 እ.ኤ.አ. ለጡት ካንሰር የተፈቀደው ዓይነት ግን ያንን ማሟሚያ ትቶ መድኃኒቱን አልቡሚን ከተባለው የደም ፕሮቲን ጋር ያጣምረዋል፤ የቅንጣቱም መጠን 130 ናኖሜትር ያህል ነው (አንድ ናኖሜትር የሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው)። ነርቭን ማደንዘዝንና የደም ሴልን መቀነስን የመሰለ ጉዳት ስላለው፣ ናኖ ስለተባለ ብቻ ተአምር አይጠበቅበትም።

ሐዋርያት ከደም እንድንርቅ ያዘዙት (ሐዋ. 15፥29) ስለ መብል ነው፤ ሕይወት ለማትረፍ በደም ሥር የሚሰጥ መድኃኒት ግን መብል አይደለም። ምእመናኖቻችን ለወላድና ለቆሰለ ሰው ደም ሲለግሱ በደል ያላልን ሰዎች፣ ተጣርቶ የወጣውን ፕሮቲን በደል የምንልበት ምክንያት የለም።

ስለቱም ከሕክምና አይከለክልም። ንጉሡ ሕዝቅያስ እንደሚድን ከእግዚአብሔር ቃል ከመጣለት በኋላ፣ ነቢዩ ኢሳይያስ የበለስ ጥፍጥፍ አስመጥቶ በእባጩ ላይ እንዲደረግለት አዘዘ (2ኛ ነገ. 20፥5-7)፤ ተስፋውን የነገረው ነቢይ ራሱ መድኃኒቱንም አዘዘ ማለት ነው። በ1999 ዓ.ም. ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ የኤች አይ ቪ መድኃኒትና ጸበል እንደማይቃረኑ ያስተማሩትም በዚሁ መንገድ ነው፤ መድኃኒት አስጥለው ድውዩን ለሞት የሚዳርጉ «አጥማቂዎች» ይህን ቢሰሙ መልካም ነበር።

በመድኃኒቱ ምክንያት በሽታን የሚከላከለው ነጭ የደም ሴል ሲቀንስ ያልተጣራ ውኃ ኢንፌክሽን ሊያመጣ ስለሚችል፣ ጸበል ስለመጠጣትና ስለመጠመቅ ሐኪማቸውን ይጠይቁ፤ ይህ ጸበሉን መጠራጠር አይደለም። ጾሙን በተመለከተ ፍትሐ ነገሥት ለድውይ ያዝናልና የነፍስ አባታቸው ይወስኑላቸው። ደግሞም እናትዎን በክርክር አያስጨንቋቸው፤ ይህን መልስ ለነፍስ አባታቸው ያሳዩና ከሚቀጥለው ቀጠሮ በፊት የነፍስ አባታቸው ራሳቸው ደውለው እናትዎን ያነጋግሯቸው።