ሳይመረጥ የቀረ ተጫዋች አውሮፓ ይሂድ?

ጥያቄ፦ የእህቴ ልጅ ቨርጂኒያ ውስጥ ኮሌጅ ጨርሷል። በአሜሪካው የቅርጫት ኳስ ሊግ በኤንቢኤ ድራፍት፣ ማለትም ክለቦች አዲስ ተጫዋቾችን በየተራ በሚመርጡበት ሥነ ሥርዓት፣ ስሙ አልተጠራም። አንድ ወኪል አውሮፓ ልውሰድህ እያለው ነው። ይሂድ ወይስ አሜሪካ ይቆይ?

መልስ፦ በድራፍቱ የሚጠራው 60 ያህል ሰው ብቻ ነው። ያልተጠራ ከየትኛውም ክለብ ጋር መደራደር ይችላል። ፍሬድ ቫንቭሊት በ2016 ሳይመረጥ ቀርቶ በ2019 ከቶሮንቶ ጋር ዋንጫ አንስቷል፤ እንዲህ ያለ ዕድል ግን ብርቅ ነው።

የ«ቱ ዌይ» ውል፣ ማለትም በኤንቢኤ ክለብና በታችኛው ሊግ ባለው ቡድኑ መካከል እየተመላለሰ የሚጫወትበት ውል፣ ከቀረበለት ይቆይ። በዚህ ውል አንድ ክለብ 3 ተጫዋች ይይዛል፤ ተጫዋቹ በመደበኛው የውድድር ዘመን ከ50 ጨዋታ በላይ አይሰለፍም፤ ውሉ ወደ መደበኛ ካልተቀየረ ፕሌይኦፍ (ለዋንጫ የሚደረገው የማጣሪያ ዙር) አይገባም። የልምምድ ካምፕ ግብዣ ብቻ ከሆነ ግን እኛ አውሮፓን እንመርጣለን።

እዚያ ደመወዙ ብዙ ጊዜ ከግብር በኋላ የሚቀረው ተብሎ ይጻፋል፤ መኖሪያ ቤትም ይታከላል። ችግሩ ክፍያ መዘግየቱ ነው። ስለዚህ ወኪሉ የዓለም አቀፉ የቅርጫት ኳስ ፌዴሬሽን የፊባ ፈቃድ ይኑረው። ውሉም ክርክር ቢነሳ ጉዳዩ መቀመጫው ጄኔቫ በሆነው የቅርጫት ኳስ የግልግል ችሎት ይታያል የሚል አንቀጽ ይያዝ። አንቀጹ ከሌለ የሚቀረው የክለቡ አገር ፍርድ ቤት ነው፤ ያ ደግሞ ዓመታት ሊፈጅ ይችላል። ካለ ግን፣ ተፈርዶበት የማይከፍል ክለብ በፊባ አዲስ ተጫዋች እንዳያስመዘግብ ሊታገድ ይችላል።

የሕክምና ምርመራውንም አይርሱ። ልጁ በደረሰ በ2 ወይም 3 ቀን ውስጥ ካልተመረመረ ውሉ እንደጸና ይቆጠራል ተብሎ ይጻፍ፤ አለዚያ ክለቡ ልምምዱን አይቶ «ጉልበቱ አላማረንም» ብሎ ሊመልሰው ይችላል።