የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ለቤት ፎቶ የምትሆን ትንሽ ካሜራ

ከደሴ፣ ሰኞ ገበያ አካባቢ

ጤና ይስጥልኝ አዘጋጆች። የልጆቼን ፎቶ የማነሳባት ኪስ የምትገባ ካሜራ ልገዛ ነው። ያገለገሉ ሁለት አግኝቻለሁ፤ አንዷ ካነን ኢክሱስ 185፣ ሌላዋ የመጀመሪያዋ ሶኒ አርኤክስ100። ሁለቱም 20 ሜጋፒክስል ናቸው። ካነኗ 8 እጥፍ ዙም አላት፣ ሶኒዋ 3.6 ብቻ። ዋጋው ላይ ግን ሶኒዋ በብዙ ትበልጣለች። ልዩነቱ ምንድን ነው? አብዛኛውን ጊዜ የማነሳው ማታ፣ ቤት ውስጥ ነው።

መልስ፦ ማታ ቤት ውስጥ የሚያነሱ ከሆነ አቅምዎ ከፈቀደ ሶኒዋን ይውሰዱ። ሜጋፒክስል ፎቶው በስንት ነጥብ እንደተሠራ እንጂ ምን ያህል ብርሃን እንደገባ አይናገርም። ብርሃኑን የሚቀበለው ሴንሰሩ ነው። የካነኗ ሴንሰር 6.2 በ4.6 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን የሶኒዋ 13.2 በ8.8 ነው፤ በስፋት አራት እጥፍ ይሆናል። 20 ሚሊዮን ነጥብ በጠባብ ቦታ ሲታጨቅ ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ብርሃን ያንሳል። ካሜራዋ ጉድለቱን አይኤስኦ (ለብርሃን ያላትን ስሜት) በመጨመር ስታካክስ ፎቶው ላይ ባለቀለም ነጠብጣብ ይበዛል።

ሌንሱም ይለያያል። የሌንሱ ቀዳዳ በኤፍ ቁጥር ይለካል፤ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል። ዙም ሳይደረግ የሶኒዋ ሌንስ እስከ ኤፍ 1.8 ይከፈታል፣ የካነኗ ኤፍ 3.2 ላይ ይቆማል፤ ሶኒዋ ሦስት እጥፍ ያህል ብርሃን ታስገባለች ማለት ነው። ካነኗ በ1/15 ሰከንድ የምታነሳውን ሶኒዋ በተመሳሳይ አይኤስኦ በ1/50 ገደማ ታነሳዋለች። ሴንሰሯ ሰፊ ስለሆነ አይኤስኦውን አራት እጥፍ ቢያሳድጉት እንኳ ጥራቱ ከካነኗ ብዙም አይወርድም፤ ያኔ 1/200 ይደርሳሉ። በ1/15 ሰከንድ ዝም ብሎ የተቀመጠ ሰው ይወጣል፤ የሚሯሯጥ ልጅ ግን ይደበዝዛል። ለልጅ ቢያንስ 1/125 ያስፈልጋል።

8 እጥፍ ዙም በቀን የጦሳን ተራራ ከከተማው መሐል ለማቅረብ ጥሩ ነው። ሙሉ በሙሉ ሲወጣ ግን የካነኗ ሌንስ ወደ ኤፍ 6.9 ይጠባል፣ ማታ አይሠራም። በየትኛዋም ካሜራ ማታ ሲያነሱ ዙሙን ትተው በእግርዎ ይጠጉ። ዲጂታል ዙም የሚለውንም ከሜኑ ያጥፉት፤ ፎቶውን ቆርጦ ከማሳደግ በቀር ሥራ የለውም።

ገንዘቡ ለሶኒዋ ካልደረሰ ካነኗም መጥፎ አይደለችም። ልጆቹን ቀን በመስኮት አጠገብ ያንሷቸው፣ ማታ ፍላሽ ይጠቀሙ፣ ከሁለት ሜትር ተኩል አይራቁ። ፎቶ ለማሳጠብ 20 ሜጋፒክስል ትርፍ ነው፤ ለ10 በ15 ሴንቲ ሜትር 2 ሜጋፒክስል፣ ለኤ4 ደግሞ 9 ይበቃል። ስም የሌላቸውን ባለ 48 ሜጋፒክስል ርካሽ ካሜራዎች ግን አይንኩ፤ አብዛኞቹ ነጥቡን በሶፍትዌር የሚያባዙ ናቸው።

ያገለገለ ዕቃ ነውና ብሩን ከመቁጠርዎ በፊት እዚያው ይፈትሹ። የራስዎን ሚሞሪ ካርድ ይዘው ይሂዱ። ካሜራዋን ከፍተው ዘግተው የሌንሱን ድምፅ ያዳምጡ፤ ከተንቋቋ ወይም እየተንገታገተ ከወጣ አቧራ ወይም አሸዋ ገብቶበታል። ይህ የትናንሽ ካሜራዎች ዋነኛ ገዳይ ነው፤ አንድ ቀን ሌንሱ በግማሽ ወጥቶ ይቀራል፣ ስክሪኑ ላይ የሌንስ ስህተት ይጻፋል። ዙሙን አምስት ስድስት ጊዜ ያስወጡትና ያስገቡት። ከዚያ ሶኒዋን "ኤ" (የሌንሱን ቀዳዳ ራስዎ የሚመርጡበት) ላይ አድርገው ኤፍ 11 ይምረጡና ነጭ ግድግዳ ወይም ሰማይ ያንሱ። ፎቶውን አጉልተው ሲያዩት በየፎቶው እዚያው ቦታ ላይ የሚታይ ጥቁር ነጥብ ካለ አቧራው ሴንሰሩ ላይ ነው። ሌንሱ ስለማይወልቅ ካሜራዋ ካልተፈታች አይጠረግም፤ ለዚህ ብለው ዋጋ ያስቀንሱ ወይም ይተዉት።

ባትሪው ከቤቱ በቀላሉ ካልወጣ አብጧል። በፍላሽ ሃያ ያህል ፎቶ አንስተው ባትሪው ቶሎ ከወረደ የአዲስ ባትሪ ዋጋ ከሒሳቡ ላይ ይደምሩ። የብሎኖቹ ራስ ከተቧጨረ ካሜራዋ ተፈትታ ነበር፤ ለምን እንደተፈታች ይጠይቁ። ቻርጀሩንም አይርሱ፦ የካነኗ ባትሪ ወጥቶ ለብቻው ቻርጀር ላይ ይሰካል፣ ሶኒዋ ግን በማይክሮ ዩኤስቢ ራሷ ላይ ትሞላለች። መብራት ሲጠፋ ከፓወር ባንክ መሙላት መቻሉ ቀላል ጥቅም አይደለም።

ከኮምቦልቻ

የ2007 እ.ኤ.አ. ካሜራ አለኝ። አዲስ 64 ጊጋ ካርድ ስከትበት ካርዱ አይነበብም ይላል። ስልኬ ላይ ግን ይሠራል። ፎርጅድ ይሆን?

መልስ፦ ካርዱ ደህና ሳይሆን አይቀርም፤ ካሜራው ነው የማያውቀው። እስከ 2 ጊጋ ያለው ተራው ኤስዲ ነው። ከዚያ በላይ እስከ 32 ጊጋ ኤስዲኤችሲ ይባላል፣ የወጣውም በ2006 እ.ኤ.አ. ነው። ከ32 በላይ ያለው ኤስዲኤክስሲ ደግሞ በ2009 መጣ፤ ካሜራዎ ከሱ በፊት የተሠራ ነው። 8 ጊጋ ይግዙና መጀመሪያ ካሜራው ውስጥ ፎርማት ያድርጉት። አንድ ፎቶ 5 ሜጋባይት ቢሆን 1,600 ያህል ይይዛል። እሱንም እምቢ ካለ 2 ጊጋ ይሞክሩ። አሮጌ ካሜራ ልትገዙ ያሰባችሁ አንባቢዎች ደግሞ የካርዱን ዓይነት አስቀድማችሁ እዩ፦ የድሮዎቹ ሶኒዎች ሚሞሪ ስቲክ፣ የድሮዎቹ ኦሊምፐስና ፉጂ ኤክስዲ ካርድ ይፈልጋሉ፤ ካሜራው በርካሽ ተገኝቶ ካርዱ ሊጠፋ ይችላል።

ከደሴ፣ አራዳ

ጥምቀት ጠዋት በብርድ ውጭ ሳነሳ ቆይቼ ቡና ወደተፈላበት ቤት ስገባ ሌንሱ ጭጋግ ይለብሳል። ካሜራውን ይጎዳዋል?

መልስ፦ ከውጭ ብቻ ከሆነ አይጎዳውም፤ ውስጥ ከገባ ግን ሌንሱን ያሻግታል፣ ሰርኪቱንም ያዝገዋል። ምክንያቱ የቀዘቀዘው መስታወት የቤቱን እርጥብ አየር ወደ ውሃ መቀየሩ ነው። በር ላይ ሳሉ ካሜራውን በፌስታል አስገብተው አፉን ጥብቅ አድርገው ይሰሩት፤ ጤዛው ፌስታሉ ላይ ይቀራል። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ያውጡት። ጭጋግ ከያዘው በኋላ ሌንሱን እያስወጡ እያስገቡ አያሠሩት፣ እርጥበቱን ወደ ውስጥ ይስበዋልና። ፀጉር ማድረቂያም አይጠቀሙ። ባትሪውንና ካርዱን አውጥተው፣ ክዳኑን ክፍት ትተው፣ ከምድጃና ከጀበና ርቆ ደረቅ ቦታ ያሳድሩት።