አንገት ላይ የሚወጣ ሽፍታና ወደ ብረት መላጫ መሸጋገር

ጠያቂያችን፣ ለዓመታት ባለ አምስት ስለት የፕላስቲክ መላጫ ሲጠቀሙ ቆይተው አንገትዎ ላይ የሚወጣው ሽፍታ ስላስቸገረዎት፣ ሴፍቲ ሬዘር ወደሚባለው፣ አንድ ምላጭ ብቻ ወደሚገባበት የብረት መላጫ መሸጋገር ያዋጣ እንደሆነ፣ ምን መግዛት እንዳለብዎትና ከተላጩ በኋላ ቆዳዎን በምን መንከባከብ እንደሚሻል ጠይቀዋል። እኔም ከ11 ዓመት በፊት ወደዚህ መላጫ የተሸጋገርኩት በዚሁ ችግር ምክንያት ስለሆነ፣ በራሴ ፊት ላይ ያየሁትንና የቆዳ ሐኪሜ ያስረዱኝን አንድ ላይ አድርጌ እጽፍልዎታለሁ።

አጭሩ መልሴ «ያዋጣል» የሚል ነው፤ ሆኖም ሽፍታውን የሚያስቀረው የመላጫው መለወጥ ብቻ አይደለም፤ ፂምን ከሥሩ ካልጨረስኩ የሚለውን ፍላጎት መተውም ያስፈልጋል። እኔ ይህን ሳልረዳ አዲሱን መላጫ ይዤ፣ እንደ ቀድሞው እጄን ምንም እስከማይሻክረው ድረስ ደጋግሜ እላጭ ስለነበር፣ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት አንገቴ ከበፊቱ ብሶበት ነበር።

ፂማቸው ከርዳዳ በሆነ ሰዎች ላይ ይህ ችግር የሚበረታው ፀጉሩ በሁለት መንገድ ተመልሶ ቆዳን ስለሚወጋ ነው። አንደኛው፣ ፀጉሩ ከወጣ በኋላ እየተጠማዘዘ አድጎ በሹል ጫፉ አጠገቡ ያለውን ቆዳ ሲበሳ ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ ጫፉ ከቆዳው ገጽ በታች ተቆርጦ ሲቀር፣ ገና ሳይወጣ የበቀለበትን ቀዳዳ ግድግዳ ከውስጥ ሲወጋ ነው። ባለ ብዙ ስለት መላጫ ይህን ሁለተኛውን ያባብሳል፤ ምክንያቱም የፊተኛው ስለት ፀጉሩን ይዞ በጥቂቱ ወደ ላይ ሲስበው፣ ፀጉሩ ወደ ቦታው ሳይመለስ ተከታዮቹ ስለቶች ይበልጥ ዝቅ አድርገው ይቆርጡታል፣ ከዚያም ጫፉ ወደ ውስጥ ይሰበሰባል። ሰውነት ወደ ሥጋ የገባውን ፀጉር እንደ ባዕድ ነገር ስለሚቆጥረው ቦታው ያብጣል፣ ያሳክካል፣ አንዳንዴም መግል ይይዛል፣ ሲድንም ጥቁር ምልክት ይተዋል። ሐኪሞች ሲውዶፎሊኩላይቲስ ባርቤ የሚሉት ይህንኑ ነው። ስለዚህ ሽፍታው ከቆሻሻ የመጣ መስሎዎት አንገትዎን አጥብቀው የሚፈትጉ ከሆነ ዛሬውኑ ይተዉት፤ እኔም ለዓመታት ስፈትገው ኖሬ ቁስሉን ከማባባስ በቀር ያገኘሁት ጥቅም የለም።

መላጫውን ከመግዛትዎ በፊት መደረግ ያለበት አንድ ነገር አለ። አንገትዎ አሁን ያበጠና የቆሰለ ከሆነ፣ እስኪድን ድረስ ለሦስት ወይም ለአራት ሳምንታት ምላጭ አያስነኩት። ሥራዎ ፂም ማሳደግ የማይፈቅድ ከሆነ፣ በኤሌክትሪክ ማሽን 1 ሚሊ ሜትር ያህል አስቀርቶ መከርከም ይበቃል። በታመመ ቆዳ ላይ አዲስ መላጫ የሚለማመድ ሰው ጥፋቱ የእጁ ይሁን የቀድሞው ቁስል መለየት አይችልም፤ ብዙ ሰዎች «ለእኔ አልሆነኝም» ብለው የሚተዉት በዚህ ምክንያት ይመስለኛል።

ስለ መላጫው ምርጫ ብዙ መጨነቅ አያስፈልግም። ራሱ፣ ምላጩ የሚያርፍበት ጠፍጣፋ አካልና እጀታው ተለያይተው የሚፈቱ፣ ባለ ሦስት ክፍል መላጫ ለማጽዳትም ለመያዝም ቀላል ነው፤ መከላከያ ጠርዙ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ የተከፋፈለ ሳይሆን ድፍን የሆነውን ይምረጡ። ከጀርመኖቹ ባለ ሦስት ክፍሉ ሙህለ አር89 እና ባለ ሁለት ክፍሉ መርኩር 34ሲ በጀማሪዎች ዘንድ የተለመዱ ናቸው፤ የምላጩ ክፍተት እየተስተካከለ የሚሠራውን ዓይነት ግን እጅዎ እስኪለምድ ያቆዩት። አሜሪካዊው ኪንግ ካምፕ ጂሌት ለዚህ ዓይነቱ መላጫ የፈጠራ መብት ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1904 ሲሆን፣ ሽያጭ በጀመረበት በ1903 የተሸጠለት 51 መላጫና 168 ምላጭ ብቻ ነበር። ዛሬ ግን ባለ ሁለት ስለት ምላጭ (በሁለቱም ጠርዙ የሚቆርጠውን ነጠላ ምላጭ) የሚሠሩ ፋብሪካዎች አንድ ዓይነት መጠን ስለሚከተሉ፣ አንድ መላጫ ከገዙ በኋላ የተለያዩ ምላጮችን እያፈራረቁ መሞከር ይችላሉ። በጣም ስል በመሆኑ የሚታወቀውን የጃፓኑን ፌዘር በመጀመሪያው ወር አልመክርም፤ የደነዘ ምላጭ ግን ከስለቱ አይሻልም፤ ፀጉሩን ስለሚጎትት እጅ ሳያውቀው መጫን ይጀምራል። እኔ አንዱን ምላጭ ከአምስት ጊዜ በላይ አልጠቀምበትም፤ ፂምዎ ጠንካራ ከሆነ በሦስተኛው መለወጥ ሊያስፈልግ ይችላል።

አሁን ከሁሉም በላይ ወደምመለከተው ጉዳይ ልምጣ፤ እርሱም ፀጉሩ በየት አቅጣጫ እንደሚበቅል ማወቅ ነው። ሁለት ቀን ሳይላጩ ቆይተው፣ ፊትዎ ደረቅ ሳለ፣ ጣትዎን በጉንጭዎ፣ በአገጭዎና በአንገትዎ ላይ ወደ አራቱም አቅጣጫ ቀስ ብለው ያሳልፉ፤ የሚለሰልስበት ፀጉሩ የሚያድግበት አቅጣጫ ነው፣ የሚሻክርበት ተቃራኒው ነው። ያገኙትን በወረቀት ላይ ፊትና አንገት ሥለው በቀስት ያመልክቱ። ይህ የልጅ ሥራ ሊመስል ይችላል፤ እኔ ግን ባለማድረጌ ሦስት ወር ተጎድቻለሁ። በግራ በኩል ከመንጋጋዬ በታች ያለው ፀጉር ወደ ጆሮዬ ያዘነብላል፣ በቀኝ በኩል ያለው ደግሞ ከታች ወደ ላይ ይበቅላል፤ ሁለቱንም ከላይ ወደ ታች እየተላጨሁ፣ ፀጉሩን ተከትዬ የምሄድ መስሎኝ፣ ቀኙን በሙሉ በተቃራኒው እላጭ ነበር። ሽፍታው በቀኝ በኩል የሚብሰው ለምን እንደሆነ የገባኝ ወረቀቱን ከሣልኩ በኋላ ነው።

ከመላጨትዎ በፊት ፂሙ ውኃ መጠጣት አለበት። ገላዎን ታጥበው እንደወጡ መላጨት፣ ወይም በሞቀ ውኃ የተነከረ ጨርቅ ሦስት ደቂቃ ያህል ፊትዎ ላይ ማቆየት ይበቃል፤ የራሰ ፀጉር ከደረቁ እጅግ ባነሰ ኃይል ይቆረጣል። ሽቶና ሜንቶል የሌለበት የመላጫ ሳሙና ወይም ክሬም ይውሰዱ፤ ብሩሹ ከሰው ሠራሽ ጭራ የተሠራ ቢሆን ቶሎ ስለሚደርቅና አረፋ ለማውጣት ስለማያስቸግር ለጀማሪ ይመቻል። አረፋው ትልልቅ የአየር ኳሶች ከያዘ አየር በዝቶበታል፤ እየደረቀ ከተሰነጠቀ ደግሞ ውኃ አንሶታል። ቆዳ ላይ እንደ ወፍራም ክሬም ተለጥፎ የሚያብረቀርቅ ሲሆን ልክ ነው።

የአያያዙን ነገር በጽሑፍ ማስረዳት ቢከብድም ልሞክር። የመላጫውን ራስ አናት ጉንጭዎ ላይ ያሳርፉ፣ እጀታው ከፊትዎ ቀጥ ብሎ ወደ ውጭ ይቁም፣ ከዚያ ምላጩ ቆዳዎን እስኪነካ ድረስ እጀታውን ቀስ በቀስ ወደ ታች ያውርዱት። ምላጩ ከቆዳው ጋር 30 ዲግሪ ያህል የሚሠራበት ያ ቦታ ነው፤ ከዚያ አልፈው ካወረዱት ምላጩ ቆዳውን መፋቅ ይጀምራል። እጀታውን ወደ ጫፉ ጠጋ ብለው በጣቶችዎ ጫፍ ብቻ ይያዙና፣ የብረቱ ክብደት ራሱ ሥራውን እንዲሠራ ይተዉት። የፕላስቲኩ መላጫ መጫንን ያስለመደን በመሆኑ ይህን ልማድ መተው ከሁሉም ይከብዳል፤ በጣም ከለመድኩ በኋላ እንኳን በቸኮልኩ ቀን የሚቆርጠኝ መጫኔ ነው። ከሁለት ወይም ከሦስት ሴንቲ ሜትር በላይ በአንድ ጊዜ አይሂዱ፤ በየመሐሉ ምላጩን በውኃ ያለቅልቁት። ብዙዎች ቆዳውን ወጥረህ ተላጭ ይላሉ፤ ለቀጥ ያለ ፂም ይጠቅም ይሆናል፣ ለከርዳዳ ግን የተወጠረው ቆዳ ሲለቀቅ የተቆረጠው ጫፍ ወደ ውስጥ ስለሚገባ፣ ከላይ ያልኩትን ጉዳት መልሶ ያመጣዋል። ቆዳውን በእጅ ከመሳብ ይልቅ ራስዎን ቀና ወይም ዘንበል ማድረግ ይሻላል።

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ጉንጭዎን ብቻ በብረቱ ይላጩ፣ አንገትዎንና አገጭዎን በማሽን ይከርክሙ። ከዚያ አንገትዎን ሲጀምሩ፣ የሣሉትን ቀስት ተከትለው አንድ ዙር ብቻ ይላጩና ያቁሙ። ፀጉሩን በተቃራኒው መላጨት በአንገት ላይ መቼም አያድርጉት። እጅዎን ሲያሳልፉ ጥቂት መሻከር ቢሰማዎት ትክክለኛው ውጤት እርሱ ነው፤ በሁለት ክንድ ርቀት ላይ ለቆመ ሰው አይታይም፣ ጫፉም ከቆዳው በላይ ስለቀረ መልሶ አይወጋዎትም።

ከተላጩ በኋላ በቀዝቃዛ ውኃ ይለቅለቁና ሳይፈትጉ በፎጣ ጠቅ ጠቅ አድርገው ያድርቁ። ትንሽ ከደሙ የአሉም ድንጋይ አርጥበው ጥቂት ሰከንድ ቢያሳርፉበት ይቆማል። አልኮል ያለበትን የሚያቃጥል ሽቶ ይተዉ። የቆዳችን ገጽ በጥቂቱ አሲዳማ ሲሆን ሳሙና ግን አልካሊ በመሆኑ፣ መላጨት የቆዳውን መከላከያ ለጊዜው ያሳሳዋል፤ ስለዚህ ቆዳው ገና እርጥብ ሳለ ግሊሰሪን ወይም ሴራማይድ ያለበት፣ ሽታ የሌለው ማለስለሻ መቀባት ከምንም በላይ ይረዳል። ወደ ውስጥ ለሚበቅለው ፀጉር እኔን የጠቀመኝ 2 በመቶ ሳሊሲሊክ አሲድ ያለበት ፈሳሽ ነው፤ በማልላጭበት ቀን ማታ፣ መጀመሪያ በሳምንት ሁለት ጊዜ ብቻ እቀባው ነበር። የተጠመዘዘ ፀጉር ከላይ ከታየዎት ጫፉን በንጹሕ መርፌ ቀና ማድረግ ይቻላል፣ መንቀል ግን አይገባም፤ የተነቀለው ፀጉር ሲበቅል እንደገና ሊገባ ይችላል።

ጥቁር ምልክቶቹ የሚጠፉት በወራት ነው። በዚህ ጊዜ ቀን ቀን መከላከያ አቅሙ (SPF) 30 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ የፀሐይ መከላከያ ቅባት ይጠቀሙ፤ ፀሐይ ምልክቱን ታጠቁረዋለች። ምልክቱን ለማጥፋት ብለው ይዘቱ ያልተገለጸ የማንጫ ክሬም እንዳይቀቡ ግን አጥብቄ እለምንዎታለሁ። ከእነዚህ አንዳንዶቹ ስቴሮይድ ወይም ሜርኩሪ ይይዛሉ፤ ስቴሮይድ በመጀመሪያ ሳምንታት ቆዳን ያሳመረ መስሎ በኋላ ያሳሳዋል፣ ብጉርም ያመጣል።

መላጫዎን ለወንድምዎም ቢሆን አያውሱ፤ ሄፓታይተስ ቢ እና ሲ በምላጭ ላይ በቀረ ለዓይን በማይታይ ደም ሊተላለፉ ይችላሉ። ያገለገለውን ምላጭም ክዳኑ ላይ ጠባብ ቀዳዳ በተበጀለት ቆርቆሮ ውስጥ ያጠራቅሙ እንጂ እንዲሁ ቆሻሻ ውስጥ አይጣሉት፤ ቆሻሻውን የሚያነሣው ሰው እጅ አለበት።

ይህን ሁሉ ለሁለት ወር አድርገው ሽፍታው ካልቀነሰ፣ መግሉ ከበዛ፣ ወይም የቆሰለው ቦታ ሲድን ጠንክሮ ከፍ እያለ የሚሄድ ጠባሳ ከተወ፣ ምላጩን አስቀምጠው ወደ ቆዳ ሐኪም ይሂዱ። በዚያን ጊዜ የሣሉትን ወረቀት፣ የሚጠቀሙበትን ሳሙናና ቅባት ሁሉ ይዘው ቢሄዱ ጥሩ ነው፤ የእኔ ሐኪም በመጀመሪያ የጠየቁኝ እነዚህን ነበር።