ከፕሮፖዛሉ በፊት ጀሪካን ያዙ

ለገጠር ቀበሌያችሁ ድጋፍ ለመጠየቅ ያሰባችሁ ልጆቼ፣ ላፕቶፑን ለጊዜው ዝጉት። 20 ሊትር የሚይዝ ጀሪካንና ስልካችሁን ይዛችሁ ወደ ምንጩ ውረዱ። ጀሪካኑ በስንት ሰከንድ እንደሚሞላ ለኩ። ሦስት ጊዜ ለክታችሁ አማካዩን ያዙ።

በ100 ሰከንድ ከሞላ፣ ምንጩ በሰከንድ 0.2 ሊትር ይሰጣል ማለት ነው። ቀንና ሌሊት ተደምሮ 17,280 ሊትር ይሆናል። በሁለተኛው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ለገጠር የተያዘው መለኪያ ለአንድ ሰው በቀን 25 ሊትር፣ በ1 ኪሎ ሜትር ርቀት ውስጥ የሚል ነበር። በዚህ ሒሳብ ያ ምንጭ 690 ያህል ሰው ያጠጣል። ይህ የሚሆነው ግን ሌሊት የሚፈሰውን የሚይዝ ማጠራቀሚያ ካለ ብቻ ነው። አያችሁ? ምን እንደምትጠይቁና ለምን እንደምትጠይቁ ምንጩ ራሱ ነገራችሁ።

እኔ ሳኒቴሪያን፣ ማለትም የአካባቢ ንጽሕናና ጤና ባለሙያ ነኝ። የተማርኩት እዚሁ ጎንደር ነው። የጤና ኮሌጁ በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የጤና መኮንን፣ የኅብረተሰብ ነርስና ሳኒቴሪያን አሠልጥኖ በቡድን ወደ ገጠር ለመላክ ነበር። እኔ የገባሁት ብዙ ዘግይቼ ነው፤ መምህሮቻችን ግን ያንን መንፈስ ይዘውት ቆይተዋል። ሥራ የጀመርኩት ደንቢያ ነው። ከዚያ ወገራ፣ ከዚያ በለሳ። በኋላ ከጠረጴዛው ማዶ ተቀመጥኩ፤ ለማኅበረሰብ የሚሰጡ አነስተኛ ድጋፎችን የሚመርጥ ኮሚቴ አባል ሆኜ ብዙ ጥያቄ አነበብኩ። ከሁለቱም ወገን ሆኜ ያየሁት አንድ ነገር ነው። ድጋፍ የጀመረን ሰው ያግዛል፤ ያልጀመረን ግን አያስጀምርም።

በለሳ ላይ የተሳሳትኩትን ልንገራችሁ። አንድ ምንጭ ለማጎልበት ድጋፍ ጠየቅን። ውሃውን የለካነው ጥቅምት ላይ ነው። ክረምቱ ገና መውጣቱ ስለነበር ምንጩ ሞልቶ ይፈስሳል። ጥያቄው አማረ፣ ገንዘቡ ተፈቀደ፣ አራት ቧንቧ ያለው ቦኖ ተሠራ። የምረቃው ዕለት ከበሮ ተመታ፣ እልል ተባለ። መጋቢት ሲገባ ከአራቱ ቧንቧ የምትንጠባጠበው አንዷ ብቻ ሆነች። ቀጥሎ እጀታው ተሰበረ። የሚጠግነው ጠፋ።

በሁለተኛው ዓመት ተመልሼ ሄድኩ። አንዲት እናት ከሸለቆው ውስጥ አሸዋ ጭረው የሚመነጨውን ውሃ በቅል እየቀዱ ነበር። ሰላም ካልኳቸው በኋላ፣ «እማማ፣ ቦኖው ምን ሆነና ነው?» አልኳቸው። ቀና ብለው አዩኝ። «ያ የእናንተ ነው ልጄ። የእኛ ይሄ ነው» አሉኝ።

ቁጣ አልነበረበትም። እውነቱን ነው የነገሩኝ። ስንጀምር አልጠየቅናቸውም፣ ድንጋይ አላነሱም፣ ሳንቲም አላዋጡም። ስለዚህ የእሳቸው አልነበረም።

በሚቀጥለው ምንጭ ላይ ሌላ መንገድ ሄድን። ሦስት ወር ሙሉ በስብሰባ ብቻ አለቀ። ብዙ ሰው ተሰላችቶ ነበር፤ እኔም አንዳንዴ ተስፋ ቆርጫለሁ። የውሃ ኮሚቴ ተመረጠ፤ ገንዘብ ያዥዋ ሴት ሆነች። ድንጋዩንና አሸዋውን ሰፈሩ በወንፈል አቀረበ። እያንዳንዱ ቤት በየወሩ የሚያዋጣውን ራሱ ወሰነ። ሚያዝያ ላይ ለካን። ከዚያ በኋላ የጠየቅነው ሰፈሩ በእጁ ሊያደርገው የማይችለውን ብቻ ነው። ሲሚንቶ፣ ቧንቧ፣ ብረት፣ የግንበኛ ዋጋ። ጥያቄው አራት ገጽ ነበር። በአንድ ጊዜ አለፈ።

ሥራውንም ለሚሠሩ ትንሽ ልጨምር። የምንጩን ዓይን እስክታገኙ ቆፍሩ። ድንጋይና ጠጠር ደልድሉበት፤ ከላይ በሸክላ አፈር አሽጉት፤ ከፊቱ የውሃ መሰብሰቢያ ሳጥን ሥሩ። የሳጥኑ ትርፍ ውሃ ማስወጫ ቱቦ ከዓይኑ ዝቅ ይበል። ውሃው ከዓይኑ በላይ ከተገደበ ምንጩ ሌላ መንገድ ፈልጎ ሊሸሽ ይችላል። ከበላዩ የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ቆፍሩ። ዙሪያውን አጥሩ፤ ከብት የሚጠጣበትን ገንዳ ራቅ አድርጋችሁ ከታች ሥሩ። ገንዳው ከተረሳ አጥሩ አንድ ዓመት አይቆይም።

ያለፉት ዓመታት ለክልላችን ገጠር ከባድ ነበሩ። መንገድ ሲዘጋ፣ ሥራ ሲቋረጥ እናንተም አይታችኋል። ባለሙያ መድረስ በማይችልበት ወቅት ቧንቧውን የሚጠግነው እዚያው ያለ ሰው ነው። በቀበሌያችሁ ያለውን አስቀድማችሁ ቁጠሩ የምላችሁ ለዚህ ነው። ዕድሩን፣ ሰንበቴውን፣ ማኅበሩን፣ ግንበኛውን፣ አንጥረኛውን፣ አሥረኛ ክፍል ጨርሳ ቤት የተቀመጠችውን ልጅ።

ወደ ጥያቄው ስትመጡ ሰጪው ምን እንደሚሰጥ ለዩ። የጃፓን ኤምባሲ ለታችኛው ማኅበረሰብ የሚሰጠው ድጋፍ ለግንባታና ለዕቃ ነው፤ ደመወዝና የዕለት ተዕለት ወጪ አይሸፍንም። ስለዚህ የጥበቃውን ደመወዝ ማን ይከፍላል የሚለውን ቀድማችሁ መልሱ። የዓለም አካባቢ ፋሲሊቲ (GEF) የተባለው የአካባቢ ጥበቃ ተቋም አነስተኛ የድጋፍ ፕሮግራም፣ እ.ኤ.አ. በ1992 የተጀመረው ማለቴ ነው፣ በተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም በኩል ለማኅበረሰብ ድርጅቶች ይሰጣል። ለግለሰብ አይደለም። በ2009 ዓ.ም. በ10 ቢሊዮን ብር የተቋቋመው የወጣቶች ተዘዋዋሪ ፈንድ ደግሞ ብድር ነው። «ፈንድ» የሚለውን ቃል ሰምተው ስጦታ የመሰላቸው ስንት ልጆች አውቃለሁ። ዕዳው ከጓደኛም ከቤተሰብም አጣላቸው። ከመፈረማችሁ በፊት ይመለሳል ወይስ አይመለስም ብላችሁ ጠይቁ።

ድርጅት አቋቁማችሁ ከሆነ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶችን አዋጅ ቁጥር 1113/2011ን አንብቡት። ለአስተዳደር የሚወጣው ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ ይላል። በእኔ ዓይን 20 በመቶም ለአንዲት ምንጭ ብዙ ነው። ግማሹ ገንዘብ ጎንደር ከተማ ሆቴል ውስጥ ለሚሰጥ ሥልጠናና ለአበል የተመደበበት ጥያቄ በእጄ ገብቶ ያውቃል። የሚሠለጥኑት ሰዎች መንደር ውስጥ ዛፍ ሥር ቁጭ ብለው ቢሠለጥኑ ምን ይጎድልባቸዋል? ምንም አይጎድልባቸውም።

ኮፒ ፔስትም ተዉ። ከሁለተኛው ገጽ ጀምሮ ያስታውቃል። ደንቢያ ለሚሠራ ሥራ በቀረበ ጥያቄ ውስጥ የሌላ ወረዳ ስም ተረስቶ አግኝቻለሁ። «የማኅበረሰቡን አቅም መገንባት» ከሚል አንድ አንቀጽ ይልቅ «እናቶች ውሃ ለመቅዳት ደርሶ መልስ 2 ሰዓት ይሄዳሉ፤ ከእነሱ ጋር ሄደን ለክተናል» የሚል አንድ መስመር ኮሚቴውን ቀጥ አድርጎ ያስቀምጠዋል።

ስለ ሒሳብ አጭር ነገር። የምትገዙት ሁሉ ደረሰኝ አይኖረውም። አሸዋ በአህያ ጭኖ የሚያመጣ ሰው ደረሰኝ ከየት ያመጣል? ይህን ከሰጪው ጋር አስቀድማችሁ ተነጋገሩበት። ከተስማማ በሦስት ምስክር ቃለ ጉባኤ ያዙ፤ የጣት አሻራም ቢሆን ይኑርበት፤ የቀበሌው ማኅተም ይረፍበት። ዕቃ ወደ መንግሥት መጋዘን ከገባ በሞዴል 19 ቅጽ ገቢ፣ በሞዴል 22 ቅጽ ወጪ መሆኑን እዩ። ከሁሉ በላይ ግን ሒሳቡን በየወሩ ሰው ፊት ጮክ ብላችሁ አንብቡ። በዕድር ስብሰባ ላይ፣ ወይም ከቅዳሴ በኋላ በደጀ ሰላም። ማንበብ የማይችሉ አባት «ሚስማሩ ለምን ሁለት ጊዜ ተገዛ?» ብለው ሲጠይቁ ሰምቻለሁ። ከዚያ የተሻለ ኦዲት አላየሁም።

ስለ ውድድር ስታስቡ ደግሞ ልባችሁ ይጠንቀቅ። አንድ ጊዜ የጓሮ አትክልት ውድድር ዳኛ ነበርኩ። ሽልማቱ የውሃ መሳቢያ ሞተር ነው። ያሸነፈው ወንዝ ዳር መሬት ያለው፣ ቀድሞም ሞተር የነበረው አርሶ አደር ነበር። ውሃ በጀርባዋ እያመላለሰች 40 ሥር ቃሪያ ያጸደቀችን ሴት በጭብጨባ ሸኘናት። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ሞተሩን ማን እንደሚፈልገው እያየን ነበር እኮ።

ውድድር ካዘጋጃችሁ ተወዳዳሪው ከየት እንደተነሳ ከመጀመሪያው መዝግቡ፤ ነጥቡንም ካለበት ምን ያህል እንደተራመደ አይታችሁ ስጡ። መስፈርቱ ከመዘራቱ በፊት ይነገር። ዳኞቹ ከሌላ ቀበሌ ይምጡ። ሽልማቱም በዕለቱ ይሰጥ፤ «በኋላ ይላካል» የተባለ ሽልማት ቀርቶ የቀበሌው ሰው ለዓመታት ሲያነሳው ሰምቻለሁ። ያላሸነፉትን ደግሞ አሸናፊው ማሳ ላይ ወስዳችሁ አሳዩአቸው። ብዙ ጊዜ ትልቁ ትርፍ እሱ ነው።

የዝግጅት ቀን አመራረጥ ላይ ከከተማ የሚመጡ ባለሙያዎች ሁልጊዜ ይሳሳታሉ። በ12፣ በ21፣ በ29 ገበሬው አያርስም። ስለዚህ በዓል ነውና ስብሰባ አይደረግም ይላሉ። ተቃራኒው ነው። ቅዳሴው ካለቀ በኋላ ሰው ሁሉ አንድ ቦታ ነው፤ በሬውም ሰውም አርፏል። ለቁፋሮ ግን በዚያ ቀን ማንንም አትጥሩ። የገበያ ቀን ሴቶቹን አታገኙም። ረቡዕና ዓርብ ምግቡ የጾም ይሁን። ሙስሊም ጎረቤቶች ባሉበት ቀበሌ የዓርብ ቀትርን ለጁምዓ ተዉላቸው። ኅዳርና ታኅሣሥ አጨዳና ውቂያ ነው፤ የገበሬውን ጊዜ አትሻሙ።

አዲስ ፌስቲቫል ከመፍጠር ይልቅ ካለው በዓል ጎን መቆምን እመርጣለሁ። ጥምቀት በ2012 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ሰፍሯል። ጥር 11 የፋሲል መዋኛ ዙሪያ መርገጫ አይገኝም። ከወለቃ የሸክላ ሥራ፣ ከገጠር የስፌት ሥራ ይዘው የሚመጡ ሴቶች ግን ዕቃቸውን መሬት ላይ ዘርግተው በሰው እግር መሃል ይሸጣሉ። ጥላ ያለው ዳስ፣ ዋጋ የተጻፈበት ካርቶን፣ ገንዘብ በስልክ መቀበያ መንገድ። ይህን ለማዘጋጀት አሥር ወጣትና ትንሽ ገንዘብ ይበቃል። ዘንድሮ የጀመረ ለከርሞ ድጋፍ ሲጠይቅ የሸጠውን ቆጥሮ ያቀርባል።

ጥያቄያችሁን በግንቦት ለማስገባት ካሰባችሁ፣ ወደ ምንጩ የምትወርዱት በመጋቢት ነው። በማለዳ ሂዱ። ምናልባት አንዲት እናት ቀድመዋችሁ እንስራቸውን ከሥሩ ደግነው ታገኛላችሁ። ተራው የእሳቸው ነው። እንስራው እስኪሞላ ጠብቁ፣ ጀርባቸው ላይ እስኪያዝሉት አግዟቸው። ከዚያ ጀሪካናችሁን አስጠጉ።