መልስ፦ የኮሚቴው ገንዘብ ለሦስቱም የጥገና ሥራዎች ይከፋፈል ወይስ ለአንዱ ይዋል?

አትከፋፍሉት። ለቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ፣ ለድሮው ድንጋይ ቤትና ለምንጩ አጥር እኩል ካካፈላችሁት አንዱም ሳያልቅ ክረምት ይገባል። መጀመሪያ የሚያፈሰውን ጣሪያ ክደኑ። የመቅደሱ ግድግዳ ሥዕል አንዴ ከታጠበ በገንዘብ አይመለስም። አጥሩን የሰፈሩ ሰው በደቦ ይጨርሰዋል፤ የጎጃም ገበሬ ለዚህ አይሰንፍም።

ለድንጋይ ቤቱ የወረዳውን ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት በደብዳቤ ጠይቁ። ስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ በወጣው አዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት የቅርስ ጥገናው ከባለቤቱ አቅም በላይ ከሆነ መንግሥት ከወጪው በከፊል ሊያግዝ ይችላል። ቅርስን ያለ ፈቃድ መጠገን ግን አይቻልም፤ ስለዚህ ፈቃዱን አስቀድሙ።

አንድ ነገር ልለምናችሁ። ሲሚንቶ ልለግስ የሚል ባለሀብት ቢመጣ ለድንጋይ ቤቱ እንዳትቀበሉት። በጭቃና በኖራ የተሠራ ግድግዳ በሲሚንቶ ሲለሰን እርጥበቱ መውጫ ያጣል። እኛ ሰፈር እንዲህ የተለሰነ አሮጌ ግንብ ብዙም ሳይቆይ ድንጋዩ እየተላጠ ወደቀ።